ጌፋኽ፦ በእንጨትና በእንጨት መካከል

ጀርመንኛ መማር የጀመረ ሰው ቀድሞ ከሚይዛቸው ቃላት መካከል የቤት ክፍሎች አይጠፉም። ቲዩር በር ነው፤ ፌንስተር መስኮት፤ ዳኽ ጣሪያ፤ ቫንት ግድግዳ። ቤት ለመከራየትና ከአከራይ ጋር ለመግባባት ይህ ይበቃል። በሃርትስ ተራሮች ግርጌ በምትገኘው በክቬድሊንቡርግ ለሚዞር ሰው ግን ቫንት የሚለው ቃል ብዙ አያስኬደውም። እዚያ ግድግዳ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። የጠቆረ ወይም ቡናማ የሆነ የእንጨት አጥንት አለው፤ በአጥንቱ መካከል ደግሞ ነጭ፣ ቢጫ ወይም ቀይ አፈር የመሰለ ቀለም የተቀቡ ገበታዎች አሉ። የእንጨቱ ሥራ በጠቅላላው ፋኽቬርክ ይባላል። በእንጨት ተከቦ የተሞላው እያንዳንዱ ገበታ ደግሞ ጌፋኽ ነው።

አላፊ አግዳሚው ፎቶ የሚያነሣው እንጨቱን ነው። ጌፋኹ ባዶ ቦታ የተሞላበት ብቻ ይመስለዋል። ይሁንና የዚህን ግድግዳ ብልሃት ለመረዳት ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማየት አይበቃም። አንደኛው ሸክም ይሸከማል፤ ሁለተኛው ከነፋስና ከብርድ ይከላከላል፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ጌፋኹ በሙሉ ቢወጣ ቤቱ ቆሞ ይቀራል። የሙያው ውበት ከዚህ መለያየት ይጀምራል።

አናጢዎቹ ለእያንዳንዱ እንጨት የየራሱን ስም ሰጥተውታል። ከመሠረቱ ድንጋይ በላይ ተጋድሞ ሁሉን የሚሸከመው ሽቬለ ነው። በእርሱ ላይ የሚቆመው ቋሚ ሽቴንደር ይባላል። ቋሚዎቹን መሐል ላይ በአግድም የሚያያይዘው ሪገል፣ በሰያፍ ሄዶ ቤቱ ወደ ጎን እንዳይንጋደድ የሚያደርገው ሽትሬበ፣ ከላይ ሁሉን የሚያስረው ደግሞ ሬም ነው። ይህ የስም ብዛት የጀርመንኛ ተማሪን ሊያሰለች ይችላል። ለሠራተኛው ግን ከመሣሪያዎቹ አንዱ ነው፤ ስም ያለው እንጨት ተለይቶ ይታዘዛል፣ ተለይቶ ይቆረጣል፣ ሲበሰብስም ተለይቶ ይወጣል።

ክቬድሊንቡርግ ይህን ሁሉ በአንድ ቦታ የምታሳይ ከተማ ናት። ከ2,000 የሚበልጡ የፋኽቬርክ ቤቶች አሏት፤ አሮጌው ከተማ ከቤተ መንግሥቱና ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር በ1994 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በቮርትጋሰ መንገድ ያለው አንድ ቤት የተሠራው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን ዛሬ የፋኽቬርክ ሙዚየም ነው። ትንሽ ቤት ነው፤ ቅርጻ ቅርጽ የለውም፤ ጌጥ የሚባል ነገር አይታይበትም። ቋሚዎቹ ከታች ተነሥተው ሁለቱን ፎቅ አልፈው እስከ ጣሪያው ድረስ አንድ ወጥ ሆነው ይወጣሉ። ከዚህ ቤት ተነሥቶ ወደ 16ኛውና 17ኛው ክፍለ ዘመን ቤቶች የሚሄድ ሰው የአንድን ሙያ እድገት በእግሩ ይከተላል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የዚህ ግድግዳ ቅመም እንግዳ አይደለም። እንጨት፣ ጭቃና ጭድ ነው። ምሰሶ ተክሎ፣ በማገር አያይዞ፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክቶና አብላልቶ የሚመርግ ሰው የጌፋኽን ሥራ ግማሹን ያውቀዋል። ልዩነቱ ያለው ከእግሩ ሥር ነው። የእኛ የጭቃ ቤት ቋሚ ብዙውን ጊዜ መሬት ተቆፍሮለት ይተከላል። አፈር ውስጥ የገባ እንጨት ደግሞ ባለ ዕዳ ነው፤ ምስጡም እርጥበቱም ከሥር ይጠይቁታል። በጀርመን ምድርም የጥንቶቹ ቤቶች እንዲሁ መሬት ውስጥ በተተከሉ ቋሚዎች ነበር የሚቆሙት፤ ቤቱም ከአንድ ወይም ከሁለት ትውልድ በላይ አይሻገርም ነበር። እንጨቱን ከአፈር አውጥተው በድንጋይ ላይ ማስቀመጥ ሲጀምሩ ዕድሜው በመቶ ዓመታት መቆጠር ጀመረ። ነገር ግን ያልተተከለ ቋሚ በራሱ አይቆምም። ድሮ መሬቱ ይዞት ነበር፤ አሁን የሚይዘው ሌላ እንጨት መሆን አለበት። ሰያፉ ሽትሬበ፣ አግዳሚው ሪገል፣ መገጣጠሚያው ሁሉ የመጡት መሬቱ ይሠራው የነበረውን ሥራ ለመረከብ ነው።

መገጣጠሚያው በቅርብ ሊታይ ይገባዋል። እንጨቱ በአብዛኛው ኦክ ነው፤ ባሉጥ የሚባለው ዛፍ። ዛፉ በብርዱ ወራት ይቆረጥና ሳይደርቅ በእርጥቡ ይሠራል፤ የደረቀ ኦክ መሮና መጥረቢያ በቀላሉ አያስገባምና። ግንዱን አራት ማዕዘን የሚያደርገው ሰፊ ስለት ያለው መጥረቢያ ነው። ይህ መጥረቢያ የሚሳለው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው፤ ሌላኛው ጎኑ እንደ ሰሌዳ ለጥ ያለ ሆኖ በእንጨቱ ላይ ይንሸራተታል። እጀታው ወደ ውጭ ዘወር ያለ ነው፤ ቀጥ ያለ ቢሆን የጠራቢው ጣቶች ከእንጨቱ ጋር ይላላጡ ነበር። በአሮጌ ቤት ግድግዳ ላይ ፀሐይ ከጎን ስትመታ የዚህ መጥረቢያ ምቶች አንድ በአንድ ይታያሉ፤ ጥልቀት የሌላቸው፣ እኩል የተራራቁ፣ ሰውየው ቆሞ ወደ ኋላ እያፈገፈገ እንደሠራ የሚናገሩ ምልክቶች ናቸው።

እንጨትና እንጨት የሚገናኙት የእኛም አናጢዎች በሚያውቁት በወንዴና በሴቴ ነው። የአንዱ ጫፍ ቀጥኖ ይወጣል፤ የሌላው ሆድ በልኩ ይፈለፈላል። ከዚያ በኋላ ያለችው ነገር ግን ረቂቅ ናት። አናጢው በሴቴው ጎንና ጎን ቀዳዳ ይበሳል። በወንዴው ላይ ያለውን ቀዳዳ ግን በዚያው ትይዩ አያደርገውም፤ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ትከሻው ያስጠጋዋል። ስለዚህ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ቀዳዳዎቹ ሙሉ ለሙሉ አይገናኙም። የእንጨት ሚስማሩ በመዶሻ ሲመታ በዚያች ልዩነት ውስጥ ተጣሞ ለማለፍ ይገደዳል፤ ሲያልፍም ወንዴውን ወደ ሴቴው ውስጥ ስቦ ያጠብቀዋል። ሚስማሩ በመጋዝ አይቆረጥም፤ ተፈልጦ ነው የሚወጣው፤ የእንጨቱ ጅማት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ እንዲሄድ። እርሱ ደረቅ ነው፤ የሚገባበት እንጨት ደግሞ እርጥብ። ቤቱ ከቆመ በኋላ እርጥቡ እንጨት እየደረቀ ይኮማተራል፣ ደረቁን ሚስማር ጨምድዶ ይይዘዋል። ጊዜ የሚያላላው ሳይሆን የሚያጠብቀው መገጣጠሚያ ማለት ይህ ነው። የብረት ሚስማር እዚህ ቦታ የለውም፤ በኦክ ውስጥ ያለው አሲድ ብረቱን ይበላዋል፣ እንጨቱንም ያጠቁረዋል።

የሚስማሩ ጫፍ ብዙ ጊዜ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ይቀራል። ለዓይን ግድፈት ይመስላል። ነገሩ ግን ሥራ ነው፤ እንጨቱ ሲደርቅ መልሶ መምታት ቢያስፈልግ የሚመታ ነገር እንዲኖር፣ አንድ ቀንም ከኋላ ገፍቶ ማውጣት ቢያስፈልግ ከፊት የሚያዝ ነገር እንዲኖር። የፋኽቬርክ ጥበብ በሙሉ በዚህች ወጣ ባለች ጫፍ ሊጠቃለል ይችላል። ይህ ግድግዳ ሲገጠም ጀምሮ የሚፈታበት ቀን ታስቦለታል።

እንዲያውም ቤቱ የመጨረሻ ቦታው ላይ ከመቆሙ በፊት አንድ ጊዜ ተሠርቶ ይፈታ ነበር። አናጢዎቹ እያንዳንዱን ግድግዳ በሥራ ሜዳቸው ላይ በጀርባው አጋድመው ይሠሩታል፤ ልኩን ይመረምራሉ፤ ከዚያ ይፈቱትና እየተጫነ ወደ ቦታው ይሄዳል። ይህ ሁሉ እንጨት እንዳይቀያየር በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ በመሮ የተቀረጸ ቁጥር ይቀመጣል። ቁጥሩ ከሮማውያን አሃዝ የመጣ ነው፤ በመሮ ቀጥታ መስመር እንጂ ክብ መቅረጽ አያመችምና። አራት ብዙውን ጊዜ በአራት ሰረዝ ይጻፋል፤ ከአምስት በፊት አንድ አስቀምጦ መቀነስ የለም፤ ምክንያቱም እንጨቱ ተገልብጦ ሲታይ አራቱና ስድስቱ ሊምታቱ ይችላሉ። የቀኙን ግድግዳ ከግራው ለመለየት ደግሞ በሰረዙ ላይ ትንሽ ባንዲራ ወይም ጭረት ይጨመራል። ማንበብና መጻፍ የማይችል ረዳት እንኳ ሁለት ተመሳሳይ ምልክቶችን አገናኝቶ ቤቱን ማቆም ይችላል። ምልክቶቹ ዛሬም በቦታቸው አሉ። አንድ እንጨት ከሌላ ቤት መጥቶ ከሆነ ወይም ኋላ ተለውጦ ከሆነ ቁጥሩ ያጋልጠዋል።

አሁን ወደ ጌፋኹ እንመለስ። አጥንቱ ከቆመ በኋላ በእያንዳንዱ ክፍተት የላይኛው እንጨት ሥር ቀዳዳዎች፣ በታችኛው እንጨት ላይ ደግሞ ቦይ ይፈለፈላል። ተፈልጠው የሾሉ የኦክ እንጨቶች አናታቸው ቀዳዳው ውስጥ ይገባና እግራቸው በቦዩ እየተንሸራተተ ቦታውን ይይዛል። ሚስማር የለም፤ ገመድ የለም። በእነርሱ መካከል የአኻያ ቀንበጥ አንድ ከፊት አንድ ከኋላ እየተባለ ይጎነጎናል። ከዚያ ጭቃው ይመጣል። ሸክላ አፈሩ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ከሁለቱም ወገን በእጅ እየተመታ ይገባል፤ በጉንጉኑ ቀዳዳዎች አልፎ መሐል ላይ ይገናኛል፣ እርስ በርሱ ይያያዛል። የመጀመሪያው ድርብ እርጥብ ሳለ በጣት ወይም በእንጨት ማበጠሪያ ይጫጫራል፤ የኖራው ልስን የሚይዝበት ጥርስ እንዲያገኝ። በአሮጌ ቤት እድሳት ወቅት ልስኑ ሲነሣ እነዚያ የጣት ጭረቶች ብቅ ይላሉ። ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው በሰያፍ የተሰመሩ ናቸው፤ የአንድ እጅ ስፋትና ጉልበት ይታይባቸዋል። በሄሰን ክፍለ ግዛት ይህ መጫጫር ራሱን የቻለ ጥበብ ሆኗል፤ እርጥቡ ልስን ላይ አበባ፣ ወፍና የሕይወት ዛፍ እየተቀረጸ ጌፋኹ የሥዕል ገበታ ይሆናል።

የኖራ ልስኑ ሲለጠፍ ሁለት ነገር ይጠበቃል። አንደኛው፣ ልስኑ ከእንጨቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። እንደ ትራስ አብጦ ከወጣ የላይኛው ጠርዙ ለዝናብ መቀመጫ ይሆናል፤ ውኃውም በቀጥታ ወደ እንጨቱ ይሰርጋል። ሁለተኛው፣ ልሳኙ ሥራውን ሲጨርስ የልስን ማንኪያውን ጠርዝ በእንጨቱ ዳር ላይ ይዞ ዙሪያውን አንድ ቀጭን መስመር ይቆርጣል። ይህች መስመር ከሩቅ አትታይም። እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ በድርቀት ይኮማተራል፤ ልስኑ ግን አብሮት አይሄድም። ስንጥቅ መምጣቱ አይቀርም። ጥሩ ልሳኝ ስንጥቁን ለመከልከል አይታገልም፤ የት እንደሚሆን አስቀድሞ ይወስንለታል። ስንጥቁም በዚያች መስመር ላይ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕና ለዓይን የማይጎረብጥ ይሆናል።

ጭቃው ለእንጨቱ ውለታ ይሠራል። ሸክላ አፈር ከአጠገቡ ያለውን እርጥበት ወደ ራሱ ስቦ ለአየር ይለቃል፤ ስለዚህ በጭቃ የተከበበ ኦክ ደረቅ ሆኖ ይኖራል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ባለቤቶች አሮጌውን ጭቃ አውጥተው በሲሚንቶ ሲተኩት፣ ኖራውን ትተው አየር የማያሳልፍ ቀለም ሲቀቡት የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። በስንጥቅ የገባው ውኃ መውጫ አጣ፤ ለ300 ዓመት የቆየ እንጨት ከጠንካራ ሲሚንቶ ጀርባ በጥቂት ዓመታት በሰበሰ። ጠንካራው ነገር ያጠፋውን ደካማው ነገር ሲጠብቀው ኖሮ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ጠንቃቃ አዳሾች ወደ ጭቃው ተመልሰዋል። አሮጌው ጭቃ እንኳ አይጣልም፤ ከግድግዳው ወጥቶ በውኃ ይርሳል፣ አዲስ ጭድ ተጨምሮበት ይቦካል፣ ተመልሶ እዚያው ቤት ይገባል። የበሰበሰ ቋሚም ሙሉ በሙሉ አይጣልም። ቤቱ በድጋፍ ተይዞ የበሰበሰው እግሩ ብቻ ይቆረጣል፣ በሰያፍ በተገጠመ አዲስ ኦክ ይተካል፤ ጤነኛው እንጨት በቦታው ይቀጥላል።

በኋለኞቹ ቤቶች ጌጡ ይበዛል። ከሁለት ፎቅ አልፎ የሚሄደው ረጅም ቋሚ ቀርቶ እያንዳንዱ ፎቅ የራሱ ሽቬለና የራሱ ሬም ያለው ሣጥን ይሆናል፤ የላይኛው ሣጥንም ከታችኛው ወደ መንገዱ ወጣ ይላል። በክቬድሊንቡርግ፣ በጎስላርና በሂልደስሃይም የ16ኛው ክፍለ ዘመን አናጢዎች በዚያ ወጣ ባለው ጠርዝ ላይ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ግማሽ አበባ ይቀርጹ ነበር። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ክቬድሊንቡርግ ደግሞ የወለል ወራጆቹን ጫፍ እንደ ፒራሚድ ያሾላል። ቅርጹን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፦ በደንብ የተቀረጸው እንጨት ውኃ የሚያቁርበት ጎድጓዳ የለውም። ገባ ያለው ሁሉ ወደ ታች ያዘነበለ ነው፤ ጠርዙ ጠብታውን ከግድግዳው አርቆ ይጥለዋል። ጌጡን ያወጣው መሮ የዝናቡን መንገድም አብሮ ቀርጾታል።

እንጨት የታየበት ቤት ሁሉ ግን እንዲታይ ታስቦ አልተሠራም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ባለቤቶች የድንጋይ ቤት መስሎ እንዲታይላቸው፣ እሳትንም እንዲከላከል ብለው ፋኽቬርካቸውን በልስን ሸፍነዋል። ከመጀመሪያው ለመሸፈን የተሠራ ቤት እንጨቱ ቀጭን ነው፣ ሰያፎቹም ለውበት አልተሰደሩም። በኋላ ዘመን ልስኑን አንሥቶ እንጨቱን ማሳየት ፋሽን ሲሆን እንዲህ ያሉት ቤቶች እርቃናቸውን ቀሩ፤ ዝናብ ያልለመደው እንጨትም ተጎዳ። የእጅ ሥራን ማድነቅ የተሠራበትንም ዓላማ ማወቅ ይጠይቃል።

ስለ ሙያው ጥንካሬ ከሁሉ ይልቅ የሚመሰክረው በሂልደስሃይም ገበያ አደባባይ ያለው የሥጋ ሻጮች ማኅበር ቤት ነው። በ1529 ተሠራ፤ ፎቅ በፎቅ ላይ እየወጣ፣ ጠርዞቹ በቅርጽና በቀለም ተሞልተው፣ በጀርመን እጅግ ዝነኛ ከሆኑት የፋኽቬርክ ቤቶች አንዱ ሆነ። በመጋቢት 1945 በጦርነቱ ቃጠሎ ዐመድ ሆነ። በ1980ዎቹ የከተማው ሰዎች ዳግም እንዲሠራ ሲወስኑ አናጢዎቹ በአሮጌው ንድፍ መሠረት፣ በኦክ፣ በወንዴና በሴቴ፣ በእንጨት ሚስማር ሠሩት፤ በ1989 ተጠናቀቀ። አንዳንድ ሰው ይህን ቅጂ ነው ብሎ ያጣጥለዋል። የእንጨቱ ዕድሜ በርግጥ አጭር ነው። እጁ ግን አልተቋረጠም፤ በሺህ የሚቆጠሩ ያልተቃጠሉ ቤቶች እንዴት እንደተገጠሙ ለሚያነብ ሰው በየግድግዳቸው ይዘው ቆይተዋልና። ብዙ አበሾች በሚኖሩባት በፍራንክፈርትም የሮመርበርግ አደባባይ ምሥራቃዊ ረድፍ በ1944 ከነደደ በኋላ ከ1981 እስከ 1984 ዳግም ቆሟል፤ በአደባባዩ በኩል ወደ ማይን ወንዝ የሚወርድ ሰው በፊቱ ያልፋል።

እንዲህ ያለ ቤት ፊት የመቆም ዕድል ያገኘ አንባቢ ከጣሪያው ሳይሆን ከእግሩ ይጀምር። ሽቬለው ከመሬቱ በስንት ድንጋይ ከፍ ብሏል? ቋሚው ከሥር አዲስ እንጨት ተቀጥሎለታል ወይስ ከነአሮጌው ነው? ከዚያ ወደ መገጣጠሚያው ይጠጋ፦ የሚስማሩ ጫፍ ወጣ ብሏል ወይስ ከእንጨቱ ጋር እኩል ተቆርጧል? የመሮ ቁጥር ይታያል? የሰረዙ ባንዲራስ ወዴት ነው? በመጨረሻ ጌፋኹን ያጢን፤ ልስኑ ከእንጨቱ እኩል መሆኑን፣ በዳሩ ያለችው ቀጭን መስመር ቀጥ ብላ መቆረጧን። ቅርጻ ቅርጹን ማንም ያያል፤ ጥንቁቁን ባለሙያ ከግዴለሹ የሚለየው ግን ያቺ የማንኪያ መስመር ናት።